የፍየል ወተት ጣዕሙ ለምን ይለወጣል? ከመኖ እስከ ማለቢያ፣ ከግት እስከ ኩባያ

በአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ዞን፣ አንከሻ ጓጉሳ ወረዳ፣ ግምጃ ቤትና አካባቢዋ ፍየል ከከብትና ከበግ ጋር በአርሶ አደሩ ደጃፍ የምትረባ እንስሳ ናት። ሥጋዋና የገበያ ዋጋዋ የታወቀ ነው። ወተቷ ግን ብዙም ቦታ አይሰጠውም። አንድ ልጅ ከቀረበለት ኩባያ ቀምሶ "ይሸታል" ብሎ ከመለሰው፣ ፍየሏን ማለብ ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። ለሽታው የሚሰጠው ምክንያትም አንድ ብቻ ነው፤ "የፍየል ወተት ተፈጥሮው እንዲህ ነው" ይባላል።

የወተት ሳይንስ የሚለው ግን ሌላ ነው። ከጤናማ ግት በንጽሕና የታለበ፣ ሳይቆይ የተፈላና የቀዘቀዘ የፍየል ወተት ለስላሳ፣ ጣፋጭነት ያለውና ከላም ወተት ብዙም የማይለይ ነው። ብርቱ ሽታ፣ ጨዋማነት፣ ምሬት ወይም የሻገተ ስብ ጣዕም ሲኖረው ምክንያት አለው። ከምክንያቶቹ አንዳንዶቹ ከፍየሏ ዘር ጋር የተያያዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን በመኖዋ፣ በጤናዋና በአስተላለቡ ላይ የሚመሠረቱ በመኾናቸው በባለቤቷ እጅ ያሉ ናቸው።

ጉዳዩ ከምላስ ያለፈም ነው። አንዳንዱ የጣዕም ለውጥ ግቷ እንደታመመ ይናገራል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥሩ ጣዕም ያለው ጥሬ ወተት ከባድ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ጣዕሙ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለይቶ ማወቅ ለቤተሰቡም ለፍየሏም ይጠቅማል።

ወተቷ የሚለመድበትና የማይለመድበት

ኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች እንዳሏት በሀገር አቀፍ ደረጃ የተካሄዱ የእንስሳት ሃብት ናሙና ጥናቶች ያሳያሉ። የወተታቸው አጠቃቀም ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ የፍየል ወተት የዕለት ምግብ ነው። በአማራ ክልልም በዋግ ኽምራ ቆላማ አካባቢዎች የአበርገሌ ፍየል ለሥጋ ብቻ ሳይኾን ለወተትም ትፈለጋለች። በጎጃም ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ግን ፍየል በብዛት የምትረባው ለሽያጭና ለሥጋ ነው። ወተቷ የሚፈለገው አልፎ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜም እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ ነው።

ይህ ልዩነት በጣዕሙ ላይ ተጽዕኖ አለው። ማለብ የዕለት ሥራ በኾነበት ቤት ማለቢያው፣ ሰዓቱና ማስቀመጫው በልምድ የተወሰኑ ናቸው። ማለብ አልፎ አልፎ በኾነበት ቤት ግን በተገኘው ዕቃ፣ በተመቸው ሰዓትና ፍየሏ በተገኘችበት ቦታ ይታለባል። የሽታው ምክንያትም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

የፍየል ወተት በደጋው ቤተሰብ ዘንድ እንዲለመድ የተደረገ ሰፊ ሙከራም አለ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሐረርጌና በደቡብ ኢትዮጵያ የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። ለአነስተኛ አርሶ አደር ሴቶች ፍየል በማዳረስ፣ የአንግሎ ኑቢያን ዝርያን ከሀገር በቀል ፍየሎች ጋር በማዳቀልና መኖ በማስተከል የሠራ ነበር። ከዚህ ፕሮግራም ተነሥተው ዶክተር ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት የኢኮኖሚ ትንተና፣ የተሻለ አያያዝ የተደረገላቸው የሀገር በቀል ፍየሎች ለቤተሰብ ከሚሰጡት ጠቅላላ ጥቅም አንጻር የተዳቀሉት ብልጫ እንዳላሳዩ አመልክተዋል። ትንተናው ስለ ጣዕም አልነበረም። ኾኖም ከዝርያ ለውጥ በፊት አያያዝን ማሻሻል እንደሚቀድም የሚያሳይ ነው፤ በጣዕምም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የፍየል ወተት ስብ ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የሚባሉ ሦስት አጫጭር ፋቲ አሲዶችን በብዛት ይዟል። ስማቸው ራሱ የተወሰደው ፍየል የሚል ትርጉም ካለው "ካፕራ" ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በፍየል ወተት ውስጥ የእነዚህ ሦስቱ ድርሻ ከጠቅላላው ፋቲ አሲድ 15 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ ሲኾን፣ በላም ወተት ግን ከ5 እስከ 9 በመቶ ነው።

እነዚህ አሲዶች በስቡ ውስጥ ታስረው እስካሉ ድረስ አይሸቱም። የሚሸቱት ከስቡ ተላቀው ነጻ ሲወጡ ነው። የሚያላቅቃቸው በወተቱ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በላም ወተት ውስጥ ይህ ኢንዛይም በአብዛኛው ኬዚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። በፍየል ወተት ውስጥ ግን ከስቡ ጋር ይበልጥ የተቀራረበ በመኾኑ ሥራውን ለመጀመር ቅርብ ነው። ለዚህም ነው አሁን የታለበው ወተት ምንም ሳይሸት፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን "ፍየል ፍየል" ማለት የሚጀምረው።

ስቡ በጥቃቅን ሽፋኖች ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። ወተቱ ሲናጥ፣ ከከፍታ ሲንቆረቆር፣ አረፋ ሲበዛበት ወይም ቀዝቅዞ እንደገና ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ላይፔዙም ወደ ስቡ ይደርሳል። በጀሪካን ተይዞ በአህያ ወይም በእግር ረጅም መንገድ የተጓዘ ጥሬ ወተት ሽታው የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል። ስለዚህ ወተቱን ወዲያው ማፍላት ሽታው ሳይፈጠር ለማስቀረት የሚያስችል ቀላሉ መንገድ ነው። ከተፈጠረ በኋላ ማፍላት ግን ነጻ የወጡትን አሲዶች ወደ ቦታቸው አይመልስም።

የዝርያና የዘር ድርሻ

የጎጃም ፍየሎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍየሎች ምደባ የምዕራብ ደጋ ፍየል በሚባለው ዓይነት ውስጥ ይካተታሉ። ወተታቸው መጠኑ ጥቂት ነው፤ የግልገሏ ድርሻ ሲቀነስ ለቤተሰብ የሚተርፈው በቀን ከግማሽ ሊትር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው።

በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉ፣ አንድ ዓይነት መኖ የሚበሉ ሁለት ፍየሎች የተለያየ ጣዕም ያለው ወተት ሊሰጡ ይችላሉ። ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ አልፋ ኤስ አንድ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን በብዛት የሚያመርቱ ፍየሎች አሉ፤ በጥቂቱ የሚያመርቱም፣ ጭራሽ የማያመርቱም አሉ። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ ነው።

የኖርዌይ የወተት ፍየሎች ለዚህ የታወቁ ማሳያ ናቸው። ፕሮቲኑን የማያመርተው የዘር ዓይነት በመካከላቸው ከሌሎች ሀገራት ይልቅ በብዛት ተስፋፍቶ ስለነበር፣ የወተታቸው ስብ ቶሎ እየተፈታ የሻገተና የሚጎመዝዝ ጣዕም ያመጣ ነበር። የሀገሪቱ አርቢዎች ይህን የዘር ዓይነት በምርመራ እየለዩ ለእርባታ የሚመርጧቸውን አውራዎች በመቀየር ችግሩን መቀነስ ችለዋል።

ለግምጃ ቤት አርቢ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ላቦራቶሪ ባይኖርም የእያንዳንዷን ፍየል ወተት ለየብቻ ማየት ይቻላል። አያያዙ ተስተካክሎ ሳለ የአንዷ ወተት ብቻ ሁልጊዜ የሚሸት ከኾነ ያቺን ፍየል ለሥጋና ለግልገል፣ ሌሎቹን ለወተት ማድረግ ይቻላል። ለወተት የሚኾኑ ግልገሎችንም ጥሩ ወተት ካላት እናት መምረጥ ይሻላል።

ከወለደች ምን ያህል ቆየች?

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራትና አምስት ቀናት የሚወጣው እንገር ወፍራም፣ ቢጫና ጨው ጨው የሚል ነው። እንገሩ የግልገሏ ድርሻ ነው፤ ከበሽታ የሚከላከልላትን የምታገኘው ከእርሱ ነው። ለሰው የሚታለበው እንገሩ ሲያልቅ መኾን አለበት።

በመታለቢያዋ መጨረሻ ወራት ደግሞ ወተቱ እያነሰ፣ ስቡ በቀላሉ የሚፈታ እየኾነ ይሄዳል። ጨዋማነትና ብርቱ ሽታ በዚህ ጊዜ ይጨምራሉ። ፍየል የምታረግዘው አምስት ወር ገደማ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ማለብ አቁሞ ማሳረፍ ለሚወለዱት ግልገሎችም፣ ለሚቀጥለው ወተት ጣዕምና መጠንም ይጠቅማል።

ማለብን ማቆራረጥም ጣዕም ይቀይራል። በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ወተት በብዙ ቤት ከማዕድ ይርቃል። ግልገል የማትጠባት ፍየል በዚህ ሰበብ ለቀናት ሳትታለብ ቆይታ እንደገና ማለብ ሲጀመር ወተቱ ጨዋማ ኾኖ ይገኛል፤ ግቷም ለበሽታ ይጋለጣል። ለሕጻናት እየታለበ መቀጠል፣ ካልኾነም ግልገሏ እንድትጠባ መተው፣ ሁለቱም ካልተቻለ ቀስ በቀስ ማድረቅ ይመረጣል።

የበላችው በወተቷ ይገኛል

የመኖ ሽታ ወደ ወተት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በምግብ መፈጨት በኩል ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ግት የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ፍየሏ የተነፈሰችው ወይም ስታገሳ ከሆዷ የወጣው ሽታ በሳንባዋ በኩል ወደ ደሟ ይገባል። ስለዚህም ሽንኩርት ወይም የሽንኩርት ቅጠል የበላች ፍየል ሳይቆይ ብትታለብ ወተቷ ያንኑ ይሸታል።

ነጭና ቀይ ሽንኩርት፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ እንደ አሪቲ ያሉ ብርቱ መዓዛ ያላቸው ዕፅዋት በዚህ የታወቁ ናቸው። እንደ ግራዋ ያሉ መራራ ቅጠሎችን በብዛት ከበላች በኋላ ምሬት ከተሰማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ ቅጠል ነው። እንደ አተላ ያለ የተብላላ መኖም ከማለቢያ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ከተሰጠ ሽታውን ያስተላልፋል።

ይህ ማለት መኖው ይከልከል ማለት አይደለም። አተላም የአትክልት ተረፈ ምርትም በደጋው ቤት ጠቃሚ መኖዎች ናቸው። መለወጥ ያለበት ሰዓቱ ነው። ሽታ ያለው መኖ ከማለብ በኋላ ቢሰጥና ከሚቀጥለው መታለብ ቢያንስ አራትና አምስት ሰዓት ቀድሞ ቢነሣ፣ ሽታው ከደሟ ወጥቶ ያልቃል። ከማለብ በፊት ድርቆሽ ወይም ሣር መስጠት ይበቃል።

የመኖ ማነስም እንደ መኖው ዓይነት ጣዕም ይቀይራል። በበጋ ወራት በገለባ ብቻ የምትቆይ የምትታለብ ፍየል ጉልበት ሰጪ መኖ ሲያጥራት የወተቷ ስብ ይበልጥ ተፈቺ ይኾናል። መንታ አርግዛ ወይም ወልዳ በቂ መኖ ያላገኘች ፍየል ደግሞ የሰውነቷን ስብ ማቃጠል ስትጀምር ትንፋሿም ወተቷም የአሴቶን ዓይነት ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ይህ የሕመም ምልክት በመኾኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ያስኬዳል። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ወይም ፉርሽካ፣ ከዛፍ ሉሰርንና ከሰስባኒያ የተቆረጠ ቅጠልና ንጹሕ ውኃ ለሁለቱም ይረዳሉ።

ጨዋማ ወተትና የታመመ ግት

ከጣዕም ለውጦች ሁሉ ችላ ሊባል የማይገባው ጨዋማነት ነው። ግት በባክቴሪያ ሲታመም (በሽታው ማስታይተስ ይባላል) የደም ጨዎች ወደ ወተቱ ይፈስሳሉ፤ የወተት ስኳር የኾነው ላክቶስ ደግሞ ይቀንሳል። ወተቱ ጣፋጭነቱን አጥቶ ጨው ጨው የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍየል ሁለት ጡት አላት፤ ግቷም ለሁለት የተከፈለ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል። እብጠት፣ ሙቀት፣ ጠንካራ እባጭ፣ የግቱ ሁለት ጎኖች አለመመጣጠን፣ የረጋ ወይም ደም የቀላቀለ ወተት ግልጽ ምልክቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በዓይን የማይታይ ሕመምም አለ፤ እርሱን ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ ጨዋማነት ነው።

ከእያንዳንዱ ማለብ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጭምቆች በጥቁር ጨርቅ ወይም በጠቆረ ዕቃ ላይ አልቦ ማየት ይገባል። የረጋ ነገር ከታየ ወተቱ አይጠጣም። ፍየሏም በመጨረሻ ትታለባለች፤ በአቅራቢያው ወዳለ የእንስሳት ጤና ኬላም ትወሰዳለች። መድኃኒት ከተሰጣት ሐኪሙ የወሰናቸው ቀናት እስኪያልፉ ድረስ ወተቷ ለሰው መዋል የለበትም።

አውራው ፍየል የት ያድራል?

አውራ ፍየል በስሪያ ወቅት በቀንዶቹ ሥር ካሉ የቆዳ ዕጢዎች ብርቱ ሽታ ያመነጫል፤ ጺሙንና የፊት እግሮቹንም በገዛ ሽንቱ ይረጫል። ከእርሱ ጋር የምትውልና የምታድር ፍየል ፀጉሯ ይህን ሽታ ይይዛል። ከፀጉሯ ወደ አላቢዋ እጅ፣ ከእጅ ወደ ማለቢያ ይተላለፋል። የወተት ስብም በዙሪያው ያለውን ሽታ በቀላሉ ይስባል።

የተለየ በረት ለመሥራት አቅም ለሌለው ቤት አውራውን ከማለቢያው ቦታ አርቆ ማሰር፣ ፍየሏን ከእርሱ ለይቶ ማሳደር፣ አውራውን የነካ እጅ ሳይታጠቡ አለማለብ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለእርባታ የማይፈለገውን ወጠጤ ማኮላሸትም ሽታውን ይቀንሳል፤ ሙክት ኾኖ ሲሸጥም ዋጋ አለው።

ከማለቢያው እስከ ማስቀመጫው

የታለበ ወተት ከግት ሲወጣ ሙቀቱ ከሰውነት ሙቀት ጋር እኩል ነው፤ ይህም ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ቆሻሻ እጅ፣ በአዛባ የተበከለ ግትና በደንብ ያልታጠበ ዕቃ ሲጨመሩበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወተቱ መኮምጠጥ፣ መምረር ወይም የበረት ሽታ ማምጣት ይጀምራል።

ስለዚህ ግቷን በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አቧራ በሌለበት ቦታ ማለብና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ናቸው። ዕቃው ሲታጠብ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፤ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይፈተጋል፤ በመጨረሻም በፈላ ውኃ ተለቅልቆ አፉ ተደፍቶ ይደርቃል። የተጫረ ፕላስቲክና ጠባብ አፍ ያለው ጀሪካን በውስጡ የቀረውን ስብ ስለሚይዝ የትናንቱን ሽታ ለዛሬው ወተት ያወርሳል። የማይዝግ ብረት ዕቃ ይመረጣል። የመዳብ ዕቃና የዛገ ብረት ስቡን ከአየር ጋር በማዋሐድ የካርቶን ዓይነት ጣዕም ያመጣሉ። በብርጭቆ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ የቆየ ወተትም እንዲሁ ይኾናል።

ቅልና ሌሎች የወተት ዕቃዎችን በወይራ ማጠን በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ መዓዛም ይሰጣል። የማይክሮባዮሎጂ ምሁሩ ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የታጠነ ዕቃ በእርጎ ውስጥ የባክቴሪያን እድገት እንደሚያዘገይ አሳይተዋል። ይሁንና ማጠን ማጠብን አይተካም። በሚገባ ባልታጠበ ቅል ላይ የገባ ጭስ ሽታውን ይሸፍነው ይኾናል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋውም።

ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ወተቱን ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ማውረድ ይመከራል። በሌለበት ቤት የተፈላውን ወተት ከነዕቃው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ውኃውን መቀያየር ይቻላል፤ የአዊ ደጋ ቀዝቃዛ አየርም ያግዛል። የጠዋቱን የቀዘቀዘ ወተት ከማታው ትኩስ ጥሬ ወተት ጋር መቀላቀል ግን ስቡ እንዲፈታ ስለሚያደርግ መቅረት አለበት። ወተት ከሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከጋዝ አጠገብም አይቀመጥም።

ምክንያቱን በቤት ውስጥ መለየት

የሽታው ምክንያት ከፍየሏ ይኹን ከአያያዙ ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። የአንዷ ፍየል ወተት ለብቻው ይታለብና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ድርሻ ወዲያው ይፈላና ይቀዘቅዛል። ሌላው ጥሬውን እንደተለመደው ተቀምጦ ከሰዓታት በኋላ ይፈላል። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመሳሉ።

ወዲያው የተፈላው ደኅና ኾኖ የቆየው ብቻ ከሸተተ ችግሩ ከማለብ በኋላ የመጣ ነው። የዕቃው ንጽሕና፣ መናጡና የማፍላቱ መዘግየት ይታያሉ። ሁለቱም እኩል ከሸተቱ ምክንያቱ ከማለብ በፊት ያለ ነው። ወደ መኖው፣ ወደ አውራው ፍየል ወይም ወደ ፍየሏ ጤና ይኬዳል። ወተቱ ጨዋማ ከኾነ የሁለቱ ጡቶች ወተት ተለይቶ እየፈላ ይቀመሳል፤ አንዱ ብቻ ጨው ካለው የዚያ ጎን ግት መመርመር አለበት። መኖ ከተጠረጠረ ያን መኖ ለጥቂት ቀናት አስቀርቶ ለውጡን ማየት ይበቃል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ይገባል። መኖውም፣ ዕቃውም፣ ሰዓቱም አብረው ከተቀየሩ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም።

ጥሩ ጣዕም የጤና ዋስትና አይደለም

የፍየል ወተት እንደ መድኃኒት ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ከግት እንደወጣ፣ ሳይፈላ ይጠጣል። "ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል" የሚል እምነትም ይሰማል። ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ፍየል ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ታስተላልፋለች። በሽታው የሚመላለስ ትኩሳት፣ ብዙ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ለወራት የሚዘልቅ ድካም ያመጣል።

በሽታው "የማልታ ትኩሳት" የሚል ስም ያተረፈበት ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1887 ባክቴሪያውን በማልታ ደሴት ለዩ። ከየት እንደሚመጣ ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1905 ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክለስ ዛሚት ጤናማ የሚመስሉ የደሴቲቱ ፍየሎች ባክቴሪያውን እንደሚሸከሙ አረጋገጡ። በተከታዩ ዓመት በደሴቲቱ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የፍየል ወተት መጠጣት ሲያቆሙ በመካከላቸው የነበረው በሽታ በፍጥነት ቀነሰ። ፍየሎቹ የታመሙ አይመስሉም ነበር፤ ወተታቸውን በመቅመስም ምንም ማወቅ አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ወተቱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ እየተማሰለ በደንብ መፍላት አለበት። አረፋው ስለተነሣ ብቻ ከእሳት ማውረድ አይበቃም። በማፍላት የሚጠፉ ጥቂት ቫይታሚኖች አሉ፤ ፕሮቲኑ፣ ስቡና ካልሲየሙ ግን ይቀራሉ። ጥሬ ወተት በመኮምጠጡ ብቻ ከበሽታ ነጻ አይኾንም። እርጎ የሚፈልግ ቤት ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከተፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ቢጨምርበት ይረጋል። የወረደ ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ መንካትም መቅረት አለበት፤ ብሩሴሎሲስ በዚያም በኩል ይተላለፋልና።

አንድ ዓመት ላልሞላቸው ሕጻናት የፍየል ወተት የእናት ጡት ምትክ ሊኾን አይችልም። ፎሌት የተባለው ደም ለመሥራት የሚያስፈልግ ቫይታሚን በውስጡ እጅግ ጥቂት በመኾኑ፣ በእርሱ ብቻ ያደገ ሕጻን የደም ማነስ ይገጥመዋል። ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች ግን፣ ከሌላ ምግብ ጋር፣ ጥሩ የፕሮቲንና የካልሲየም ምንጭ ነው።

ሁለትና ሦስት ፍየል ላለው ቤተሰብ የሚበጀው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ በንጽሕና አልቦ ወዲያው ማፍላት፣ ቀጥሎ ግቱን መመርመር፣ ከዚያ የመኖውን ሰዓትና የአውራውን ማደሪያ ማስተካከል ነው። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ቢጠይቁም ጥቂት ነው። ፍየሏን በዘሯ ለወተት አትኾንም ብሎ መፍረድ የሚገባው እነዚህ ተሞክረው ለውጥ ሲታጣ ብቻ ነው።